የአጋዘን ጥይት በወርቅ ቤት ሚዛን

ሰው ሚስት ላግባ ሲል የሚጠየቀው የታወቀ ነው። ሥራህ ምንድን ነው ይባላል። የማን ልጅ ነህ ይባላል። ቤተሰቡ ጨዋ ከሆነ ትጠጣለህ ወይ ይባላል፤ በጣም ጨዋ ከሆነ ደግሞ ምን ምን ትጠጣለህ ይባላል። እኔ የተጠየቅኩት ለአጋዘን አደን የስንት ግሬን ጥይት እንደምመርጥ ነው። አትሳቁ። ወይም ሳቁ፤ እኔም ሰሞኑን መሳቅ ጀምሬያለሁ፤ ያውም ብቻዬን።

ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የሰው ነው ብዬ ብጀምር ደስ ይለኝ ነበር። ግማሹ ግን የኔ ነው። የቀረው ግማሽ የጋሽ በቀለ ነው። ጋሽ በቀለ አከራዬ ናቸው፤ አርባ ዓመት በጥብቅና ሠርተው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታ የወጡት ከፍርድ ቤት እንጂ ከክርክር አይደለም። በሰፈራችን ሚስት የሚፈልግ ሁሉ ሽማግሌ አድርጎ የሚልከው እሳቸውን ነው። እሳቸው ያሞገሱትን ሰው፣ ሰውዬው ራሱ ቢሰማ «ማን ይሆን? ባስተዋወቁኝ!» ይላል።

እኔ ደግሞ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ባለች አንዲት የትርጉም ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። የልደት፣ የትምህርትና የጋብቻ ማስረጃ ወደ እንግሊዝኛ እገለብጣለሁ። የስንቱ ሰው ጋብቻ በእጄ አልፏል፤ ማኅተም አድርጌ ሸኝቻለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ እመቤት የምትባል ፋርማሲስት ዲግሪዋን ልታስተረጉም መጣች። ስሟን በእንግሊዝኛ ስጽፍ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ ሦስት ጊዜም ተመላለሰች። በሦስተኛው «ሆን ብለህ ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው እውነቶች ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነበር። ትምህርት ግን አልወሰድኩበትም።

ሽማግሌ የላከ ሰው ያውቀዋል፤ ላኪው አብሮ አይገባም። ስለዚህ ጋሽ በቀለ ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው የእመቤት አባት ቤት ሲገቡ፣ እኔ ከፈረሳ በተረፈች አንዲት የፒያሳ ኬክ ቤት ቁጭ ብዬ ጥፍሬን እበላ ነበር። ጋሽ በቀለ ጓደኞቻቸውን ሸኝተው ብቻቸውን መጡ።

«እንዴት ሆነ?» አልኳቸው።

«አማረ» አሉና ማኪያቶ አዘዙ። «በጣም አማረ። እንዲያውም ትንሽ ሳይበዛ አልቀረም።»

«ምኑ?»

«ማማሩ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የእመቤት አባት ጋሽ ወንድይራድ ይባላሉ። የውጭ አገር አዳኞችን እየመሩ ባሌና አርሲ ተራራ ለተራራ ሠላሳ ዓመት የዞሩ ሰው ናቸው። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የአጋዘን ቀንድ ተሰቅሏል። ጋሽ በቀለ ስለ ትምህርቴ ተናገሩ፤ አባትየው ዝም። ስለ ጨዋነቴ ተናገሩ፤ ዝም። ስለ ሥራዬ ሲናገሩ አባትየው ጭራሽ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። ዳኛ በመስኮት ማየት ከጀመረ ጉዳዩ እንዳለቀለት ጋሽ በቀለ ከልምድ ያውቃሉ። በጭንቀት ቀና ሲሉ ቀንዱን አዩት።

«‹ደግሞም አዳኝ ነው› አልኩ» አሉኝ።

«ማን?»

«አንተ ነሃ! ማንን ልል ነበር?»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ወንጭፍ እንኳ…»

«አውቃለሁ። ግን ሰውዬው ከመስኮቱ ዞሩ። ዓይናቸው በራ። ‹ምን ያድናል?› አሉ። አሁን ጥንቸል ልበል?»

አጋዘን ብለው ነበር። ጋሽ ወንድይራድም በደስታ በእጃቸው ጉልበታቸውን መትተው፣ «እንግዲያው የዓመት በዓል ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ይምጣ፤ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቀዋለሁ። ለአጋዘን የስንት ግሬን ጥይት እንደሚመርጥ ይንገረኝ። ከመለሰ ልጄ የሱ ናት። ካልመለሰ ግን፣ ሽማግሌ ተብሎ ቤቴ የገባ ሰው ዋሽቶኛል ማለት ነው» ብለው ሸኟቸው።

«ግሬን ምንድን ነው?» አልኩ።

ጋሽ በቀለ ማኪያቶውን ጨልጠው ተነሡ። «ተርጓሚው አንተ አይደለህ እንዴ?»

በማግስቱ ለእመቤት ነገርኳት። ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል እየወረድን ነበር፤ ቆመች። «አባዬ ሁሉን ይችላል፤ ውሸት አይችልም» አለችኝ። «ነገ ሂድና ‹አዳኝ አይደለሁም፤ ሽማግሌዎቹ አጋነኑት› በለው። ትንሽ ይቆጣል፤ ያልፋል።»

«እሺ» አልኳት። ወንድ ልጅ ቶሎ ብሎ «እሺ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ሴቶች እስካሁን አለማወቃቸው ይገርመኛል።

ለምን አልሄድኩም? ጋሽ በቀለን ላለማሳፈር ነው እላለሁ፤ ለሰው የምናገረው ይኼን ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ከተወለድኩ ጀምሮ ማንም ሰው ስለኔ ሲሰማ ከመስኮት ዞሮ አያውቅም። አዳኝ ነው ከተባልኩ ወዲህ አረማመዴ ተለወጠ። ታክሲ ስሳፈር ረዳቱን በቀስታ፣ ዓይኔን ጠበብ አድርጌ ማየት ጀመርኩ። መልሴን ቶሎ ሰጠኝ፤ ከአዳኝነቴ የመጣ መሰለኝ።

ኢንተርኔት አለ አይደል ትሉኛላችሁ። አለ። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ገብቼ ነበር። የፈረንጅ አዳኞች ስለ ጥይት ክብደት የሚከራከሩበት ገጽ አገኘሁ። አንዱ መቶ ሃምሳ ግሬን ይላል፤ ሌላው እሱ ለወፍ ነው ይለዋል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ደደብ ይላቸዋል። ገጹ አያልቅም። እንደ ጠመንጃው ነው ይላሉ፤ እንደ ርቀቱ ነው ይላሉ። በመጨረሻ የገባኝ ነገር ቢኖር እነሱ የሚያድኑት አጋዘንና የኛ አጋዘን አንድ አለመሆናቸው ነው፤ የኛው ያንን ሁለት ሦስት ያህላል። ሙሉ ቀን የሰው አገር እንስሳ ሳሳድድ ዋልኩ።

ስለዚህ ወደ ፒያሳ ምሁራን ዞርኩ። የፒያሳ ሰው አላውቅም ማለትን እንደ ስድብ ነው የሚቆጥረው። መንገድ ብትጠይቁት የማያውቀውን ቤት በእርግጠኝነት ያሳያችኋል፤ ከተሳሳታችሁም ቤቱ ነው የጠፋው። ያችው ኬክ ቤት ገብቼ «ለአጋዘን ቀላል ጥይት ነው ወይስ ከባድ?» ብዬ ከመጠየቄ ወንበሮች ወደኔ ተሳቡ። እዚያ ቤት ከዶሮ የሚበልጥ እንስሳ በሕይወት ያየ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሆኖም በሩብ ሰዓት ውስጥ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፤ የቀላሎችና የከባዶች ወገን ሆነ።

የከባዶቹ መሪ ወዳጄ ሸምሱ ነበር። ሸምሱ ከኬክ ቤቷ ጎን ያገለገለ ሰዓትና ሬዲዮ ይነግዳል። የቀላሎቹ መሪ ደግሞ ስሙን ሳልጠይቀው የቀረሁ አንድ ባለ ኮፍያ ሰውዬ ነው።

«ፍጥነት ነው ዋናው» ይላል ባለ ኮፍያው። «ቀላል ጥይት ሳይታይ ይደርሳል።»

«ደርሶ ምን ሊሠራ? ሊጠይቀው ነው?» ይላል ሸምሱ። «አቦ አትሸውደን! ክብደት ከሌለው ቆዳው ላይ ይቀራል።»

ክርክሩ በቃል አልፈታ ሲል በሙከራ ይፈታ ተባለ። አንድ ቦምቦሊኖ ታዘዘና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ አጋዘን መሆኑ ነው። ባለ ኮፍያው ቀላሉን ጥይት፣ ማለትም አንድ ስቲኪኒ፣ አነጣጥሮ ወረወረ፤ ስቲኪኒው ቦምቦሊኖውን ስቶ የአስተናጋጇ ፀጉር ውስጥ ገባ። ሸምሱ ከባዱን፣ የማኪያቶ ማንኪያውን፣ ወረወረ። መታው። መታው ብቻም አይደል፤ የቦምቦሊኖው ማርመላታ ፈንድቶ በጎን ጠረጴዛ የተቀመጡ ሴትዮ ነጭ ነጠላ ላይ አረፈ። ሴትዮዋ ለሦስታችንም የሚበቃ ስድብ ሰደቡን፤ ከዚያ ሳይታሰብ «ከባዱ ነው» ብለው ፈረዱና ወጡ።

«ከባድ ስንት ነው?» አልኩ። ጋሽ ወንድይራድ የሚፈልጉት ቁጥር ነዋ።

ሸምሱ ኪሱ ገብቶ የሱቁን ቁልፎች አወጣ። መያዣቸው ባሩዱ የወጣለት አሮጌ ጥይት ነው። «አባቴ የተወልኝ ነው» አለኝ። «ድሮ አገር ቤት በዚህ ጥይት ወንድም ነው አጋዘን የጣለው። ይህን አስመዝን፤ መልስህ ይኸው።»

«የት?»

ሸምሱ በአዘኔታ አየኝ። «ፒያሳ ቁጭ ብሎ የሚዛን ያለህ የሚል ፋራ አንተን አየሁ። እዚህ ሰፈር የጆሮ ጉትቻ እንኳ ሳይመዘን አይወጣም እኮ።»

እውነቱን ነው። ወርቅ ቤት ሞልቶ! ጥይቷን ከቁልፉ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩና ወርቅ ቤቶቹ ወዳሉበት ሕንፃ ሄድኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እኔ ለሰዎች ሰነድ የምተረጉም፣ በነጥብና በሰረዝ የማልሳሳት ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ይህ ጠንቃቃ ሰው በየሕንፃው በር ላይ ፍተሻ መኖሩን ረሳው።

ፈታሿ እጇን ኪሴ ላይ አሳረፈች። ጨበጥ አደረገችው። አወጣችው። ከዚያ «ጥይት!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ጊዮርጊስ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ደረጃው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ መሬት ተኛ። አንድ ሰውዬ ማኪያቶውን እንደያዘ ጠብ ሳያደርግ ተኛ፤ እስካሁን አደንቀዋለሁ። ቆሜ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ይህም ወንጀለኛው ማን እንደሆነ ለፖሊሶቹ ቀላል አደረገላቸው።

ጣቢያ ደረስን። ቃሌን የተቀበለኝ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ አንድ ረጋ ያለ ሳጅን ነው።

«ጥይቱን ለምን ያዝክ?»

«ለጋብቻ ነው።»

ጻፈ። አየው። ሰረዘው። «እንደገና ንገረኝ።»

ከቀንዱ እስከ ቦምቦሊኖው ነገርኩት። ሳይስቅ ሰማኝ፤ ፊቱን ሁለት ጊዜ ወደ ግድግዳ ማዞሩን ግን አይቻለሁ። ጥይቷን አገላብጦ ባሩድ እንደሌላት አረጋገጠ። ‹መሄድ ትችላለህ› ሊለኝ ነው ብዬ ስጠብቅ የኤግዚቢት ቅጽ አወጣ። ዓይነት የሚል አለው፤ ሞላው። ብዛት የሚል አለው፤ አንድ ብሎ ሞላው። ቀጥሎ ክብደት ይላል። ሳጅኑ ብዕሩን አፉ ላይ አድርጎ ቆየ።

«ባዶ ብልከው ይመልሱብኛል» አለ። «እዚህ ደግሞ ሚዛን የለንም።» ትንሽ አሰበና ተነሣ። «ወርቅ ቤት እንሂድ።»

እናም ጥይት ላስመዝን የሄድኩት ሰው፣ በሁለት ፖሊስ መካከል ሆኜ፣ ጥይት ለማስመዘን ሄድኩ። ፒያሳን በእግሩ ያቋረጠ ሰው ያውቃታል፤ ጎዳናው ሁሉ ዓይን ነው። አንድ ሰው በፖሊስ ታጅቦ ወደ ወርቅ ቤት ሲሄድ ሰው ምን ይላል? መነሻው ላይ ሌባ ነበርኩ። ታክሲ ተራው ጋ ስደርስ የሌቦች አለቃ ሆኛለሁ። ወርቅ ቤቱ በር ላይ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ «ሐብል ውጦ ነው አሉ፤ ሊመዝኑት ነው» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።

ወርቅ ሠሪው አቶ ፍስሐ የሚባሉ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የደረሰ ሽማግሌ ናቸው። ጥይቷን በመቆንጠጫ አነሡና በልማድ «ካራቱ ስንት ነው?» አሉ። ሳጅኑ የጥይት ክብደት ሲባል ቀለሁ እንደማይቆጠር፣ የሚመዘነው ከፊት ያለው እርሳስ ብቻ እንደሆነ አስረዳቸው። አቶ ፍስሐ እርሳሱን በጥንቃቄ ነቅለው ሚዛኑ ላይ አኖሩት። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አነበቡ።

«አሥራ አንድ ግራም ከሰባት።»

«በግሬን ስንት ይሆናል?» አልኩ፤ ከታሳሪ የማይጠበቅ ጉጉት ነበረው።

አቶ ፍስሐ ሒሳብ ማሽናቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ግሬን ከግራም በጣም ያነሰች ናት። ወደ መቶ ሰማንያ ይመጣል።»

መቶ ሰማንያ! ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

ስንመለስ ሳጅኑ ራሱ ጀመረልኝ። አርሲ ተወልዶ እንዳደገና አባቱ አዳኝ እንደነበሩ ነገረኝ። «ቀላሉ ይፈጥናል» አለኝ፤ «ግን አጥንት ሲያገኝ ይበታተናል። እንስሳው ቆስሎ ጫካ ይገባል፤ ሦስት ቀን ሲማቅቅ ይሞታል። ከባዱ ቀስ ይላል፤ ግን ጠልቆ ገብቶ ይጨርሳል። አጋዘን አጥንቱ ትልቅ ነው፤ ከባዱን ምረጥ። ከሁሉም በላይ ግን እርግጠኛ ካልሆንክ አትተኩስ።» የተናገረውን ሁሉ ቃል በቃል ስልኬ ላይ ጻፍኩት። የመጨረሻውን ብቻ ተውኩት፤ ለፈተናው አያስፈልግም ብዬ።

እኔን ለቀቁኝ፤ ጥይቷ ቀረች። ሸምሱ ይኸው እስከ ዛሬ ቁልፎቹን በጫማ ክር አስሮ ሲያየኝ ያቃጭላቸዋል።

ከጣቢያው ወጥቼ ገና አሥር እርምጃ ሳልሄድ እመቤት ደወለች።

«ሐብል ውጠሃል?» አለችኝ። ወሬው ፋርማሲዋ ድረስ ደርሷል።

ሁሉንም ነገርኳት። «አባዬ ጋ ሄደህ አልነገርከውም ማለት ነው» አለች። ድምፅዋ አልከረረም፤ ቢከርር ይሻለኝ ነበር። «ዋዜማው ነገ ነው። ናና ፈተናህን ተፈተን። እኔ አፌን አልከፍትም። እንዴት ያለ ሰው እንደሆንክ ግን ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

ያን ቀን ነው የፈራሁት። እስከዚያ ድረስ የፈራሁት አባቷን ነበር፤ ለካ የምፈራውን ሰው ተሳስቼ ኖሯል። ሆኖም መቶ ሰማንያ የሚለውን ቁጥር ከያዝኩ በኋላ መተው አቃተኝ። የደከምኩበት ነገር ነዋ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ወንድይራድ ቤት ገባሁ። ሶፋው ላይ ሲያስቀምጡኝ ቀንዱ ልክ ከራሴ በላይ ሆነ። እሳቸው ወዛቸው ያልጠፋ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። እመቤት ከጓዳው በር አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እንዳለችውም ቁጭ ብላ ታይ ጀመር።

«እህ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ወንድይራድ። «ለአጋዘን?»

«መቶ ሰማንያ ግሬን።»

ቅንድባቸው ተነሣ። «ለምን?»

ለቀቅኩት። ቀላሉ ይፈጥናል፤ አጥንት ሲያገኝ ግን ይበታተናል አልኩ። ቆስሎ ጫካ የሚገባውን እንስሳ ስተርክ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ፤ ሦስት ቀን ሲማቅቅ ስል ራሴን ነቀነቅኩ። ራሴን ሰምቼ እኔው ተገረምኩ። ጋሽ ወንድይራድ ጉልበታቸውን መቱ። ከዚያ ስለ ርቀት አነሡ፤ ስለ ንፋስ አነሡ፤ እኔም ከፈረንጆቹ ገጽ ያነበብኩትን አከልኩበት። ሁለት ሽፍታ ጓደኛሞች በስተርጅና የተገናኙ ይመስል ነበር ጨዋታችን። እመቤትን ላለማየት ብዙ ጣርኩ።

በዚህ መሀል የእመቤት እናት እትዬ አስካለ ከጓሮ ገቡ። በግራ እጃቸው እግሯን የታሰረች ቀይ ዶሮ፣ በቀኛቸው ቢላዋ ይዘዋል።

«ጎሽ፣ እግዜር ሰው ሰጠኝ!» አሉ። «ሁልጊዜ የሚያርድልኝ ዘበኛ ለበዓል አገሩ ገብቷል። ወንድ ፍለጋ በር ላይ ልቆም ስል፣ ለካ ሁለት አዳኝ ቤቴ ተቀምጧል።» ብለው ቢላዋውን ወደኔ ዘረጉት።

ቢላዋውን አየሁት። ዶሮዋን አየኋት። ዶሮዋም አየችኝ።  ደም ሳይ የምሆነውን አልነግራችሁም፤ የክትባት መርፌ ሲወጋኝ ሁለት ሰው ነው የሚይዘኝ።

«ኧረ እንግዳ አያርድም!» አሉ ጋሽ ወንድይራድ ፈጠን ብለው። ትንሽ ፈጠኑ።

«እንግዲያ አንተ እረዳታ» አሉ እትዬ አስካለ።

«እኔማ ጉልበቴን…»

«የምታርደው በጉልበትህ ነው?»

ጋሽ ወንድይራድ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። እኔ ቀንዱን አየሁ። ዶሮዋ ብቻ ታጉረመርማለች። በኛ ወግ ሴት አታርድም፤ ለዚህ ነው በየበዓሉ ሴቶች ዶሮ አቅፈው ወንድ ሲያፈላልጉ የሚታዩት። እመቤት ከወንበሯ ተነሣች። አንዴ አባቷን፣ አንዴ እኔን አየች። ዶሮዋንም ቢላዋውንም ከእናቷ እጅ ተቀብላ ወደ ጓሮ ወጣች። እናትየው «አንቺ ልጅ! ኧረ በስመ አብ!» እያሉ ተከተሏት።

ሁለታችን ቀረን። ጋሽ ወንድይራድ ከመስኮቱ ሳይዞሩ፣ «ሠላሳ ዓመት» አሉ በቀስታ። «አጋዘኑን ፈልጌ የማገኘው እኔ ነኝ። በጣቴ አሳያለሁ፤ እነሱ ይተኩሳሉ። ጥይቱ ሲጮህ ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ምን ዓይነት ዓይን እንዳለው ብታየው… ዶሮስ ብትሆን ዓይን የላትም?»

«ጋሼ፣ እኔም ጠመንጃ ይዤ አላውቅም» አልኩ።

«አውቃለሁ። የተኮሰ ሰው ‹ለምን?› ሲባል እንዲህ አሳምሮ አይናገርም። እኔም እንዳንተ ነው ያጠናሁት።» ዞረው አዩኝ። «በመካከላችን ይቅር፤ እሺ?»

«እሺ» አልኩ። ይኸው ደግሞ ሌላ «እሺ»።

እመቤት ተመለሰች። እጅጌዋ ተጠቅልሏል። የፈላ ውሃ ያለበትን ሳፋ በሁለታችን እግር ሥር አስቀመጠችና የታረደችውን ዶሮ ከተተችበት።

«የሴት እጅ ያረደው ይበላል እንዴ?» አሉ እናትየው ከኋላ።

«ይበላል!» አልን ጋሽ ወንድይራድና እኔ፣ እኩል።

«ከተበላ ላባውን ንቀሉ» አለች እመቤት። «ክብደቷን በኋላ ትነግሩኛላችሁ።»

ነቀልን። ቀንዱ ሥር፣ ጎን ለጎን፣ አጎንብሰን ነቀልን። እስከ ክርናችን ላባና ደም ለብሰን ሳለ በሩ ተንኳኳና ጋሽ በቀለ ብቅ አሉ። «እንኳን አደረሳችሁ» ሊሉ የመጡ መሰሉ እንጂ የፈተናው ነገር አላስቀምጥ ብሏቸው ነው፤ የዋሹት እሳቸው ናቸውና። ሳፋውን አዩ። እጄን አዩ። ፊታቸው በራ።

«አላልኳችሁም!» አሉ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ። «አዳኝ ነው አላልኩም? በአንድ ምት ነው ያሰናበታት፣ አይደል?»

ጋሽ ወንድይራድ ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው እመሰክርልሃለሁ ይላል። እትዬ አስካለ ኮርኒሱን አዩ። እመቤት ከጓዳው በር ላይ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ እጇ ቆመ። «አዎ» ብል ሁሉም ነገር ያን ሰዓት ያልቅ ነበር፤ አባት ፈቅደዋል፤ ሽማግሌ ከብረዋል፤ እኔም አዳኝ እንደሆንኩ እቀራለሁ። ብቻ እሷ ታውቃለች። እስከ ዕለተ ሞታችን ታውቃለች።

«እሷ ናት ያረደቻት» አልኩ። «እኔ አዳኝ አይደለሁም። ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም። መቶ ሰማንያውንም ያገኘሁት ከወርቅ ቤት ነው።»

ጋሽ በቀለ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ደንበኛቸው ችሎት ፊት ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ሲያምንባቸው እንዲህ ይሆኑ ነበር መሰለኝ። የቆየው ግን ለአፍታ ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ቁመታቸውን አስተካከሉ፤ ወደ ጋሽ ወንድይራድ ዞሩ።

«ታዲያ ጌታዬ፣ እንዲህ ያለች አዳኝ ለዚህ ልጅ ትገባለች?»

«ምኑን አውቄ» አሉ ጋሽ ወንድይራድ፣ ጣታቸው ላይ የተጣበቀ ላባ እያራገፉ። «እሷን ጠይቋት።»

ሁላችንም ወደ ጓዳው በር ዞርን። እመቤት በቢላዋው ጫፍ ወደ ዶሮዋ ጠቆመች።

«መጀመሪያ ክንፏ ሥር ያለውን አጥርቶ ይጨርስ» አለች። «ከዚያ አስብበታለሁ።»

ክንፍ ሥር ያለው ላባ በጣም ደቃቅ ነው። ለቅሜ ጨርሼ ሰጠኋት። ብርሃን ላይ ይዛ አገላብጣ አየችና «አንድ ቀርታለች» ብላ ፈገግ እያለች መለሰችልኝ።